«አንድ አክሲዮን በ10 ብር»፤ ርካሽ የሚባለው ምኑ ነው?

«አምስት ከባድ ነው ወይስ ቀላል?» ይህ በፊዚክስ ትምህርት የመጀመሪያ ሳምንት ለአዲስ ተማሪዎች የምናቀርበው ጥያቄ ነው። ተማሪው ፈገግ ይልና «አምስት ምን?» ብሎ መልሶ ይጠይቃል። ትክክል ነው። አምስት ግራም ወርቅና አምስት ኩንታል በቆሎ በአንድ ቁጥር ይጻፉ እንጂ አንድ ትከሻ ሁለቱንም እኩል አይሸከማቸውም። መለኪያው ያልተነገረለት ቁጥር ስለ ነገሩ ክብደት የሚነግረን ምንም የለም። ይኸው ተማሪ ግን ከክፍል ወጥቶ «አንድ አክሲዮን በ10 ብር» የሚል ማስታወቂያ ቢያነብ «ርካሽ ነው» ብሎ ለመፍረድ አይዘገይም። አሥሩ ብር የስንት ስንተኛ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ነው ፍርዱ የሚሰጠው።

ጉዳዩ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ለሚኖር ተማሪ የጋዜጣ ወሬ ብቻ አይደለም። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከአዲሎና ከአካባቢያቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ወንድሞችና እኅቶች ብዙዎች ናቸው። የሚልኩት ገንዘብ ከቤት መሥሪያውና ከታናናሾች ትምህርት ቤት ክፍያ ሲተርፍ «የት እናስቀምጠው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በቤቱ ውስጥ ወረቀት አንብቦ የሚያስረዳ ተብሎ የሚጠራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የ12ኛ ክፍል ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ነው። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ አነስተኛ ዋጋ ያላቸውን የትንንሽ ድርጅቶች አክሲዮኖች ለመምረጥ የሚነሣ ሰው ምን ምን መለካት እንዳለበት፣ የፊዚክስና የሒሳብ መምህር በሚያውቀው መንገድ ለማየት እንሞክራለን። የትኛውን አክሲዮን ግዙ አንልም፤ ልኬቱ እንዴት እንደሚሠራ ግን ማሳየት ይቻላል።

አካፋዩ የት ሄደ?

አንድ ድፎ ዳቦ ለ8 ሰው ቢቆረስ ቁራጩ ትልቅ ነው፤ ለ80 ሰው ቢቆረስ ቁራጩ ጉርሻ ታክላለች። ዳቦው ግን በቢላዋው ምክንያት አልጨመረም፣ አልቀነሰም። አክሲዮንም ይኸው ነው፤ የአንድ ድርጅት ባለቤትነት እኩል ለእኩል ሲቆረስ አንዱ ቁራጭ አክሲዮን ይባላል። ስለዚህ የቁራጩ ዋጋ ብቻውን ስለ ዳቦው የሚነግረን ነገር የለም። ስንት ቦታ እንደ ተቆረሰ መታወቅ አለበት።

እንበልና በአዲሎ ሁለት የዱቄት ፋብሪካዎች በአክሲዮን ተቋቋሙ። ሁለቱንም ለስሌት ያህል የፈጠርናቸው እኛ ነን። የመጀመሪያው 10,000 አክሲዮኖች አሉት፤ የአንዱ ዋጋ 1,000 ብር ነው። ሁለተኛው 2,000,000 አክሲዮኖች አሉት፤ የአንዱ ዋጋ 10 ብር ነው። ሁለቱም ዕዳቸው ተቀንሶ 8,000,000 ብር የሚያወጣ መሣሪያና ጥሬ ገንዘብ አላቸው። ሁለቱም በዓመት 1,500,000 ብር የተጣራ ትርፍ ያገኛሉ። ገበያተኛው ሁለተኛውን «ርካሽ» ይለዋል። እስቲ እናባዛ። 10,000 በ1,000 ሲባዛ የመጀመሪያው ፋብሪካ ጠቅላላ ዋጋ 10 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የሁለተኛው ደግሞ 20 ሚሊዮን ብር ነው። አንድ ዓይነት ወፍጮ፣ አንድ ዓይነት ትርፍ፣ ዋጋው ግን እጥፍ! በመጀመሪያው ፋብሪካ የአንድ ብር ዓመታዊ ትርፍ ባለቤት ለመሆን 6 ብር ከ67 ሳንቲም ገደማ ይከፈላል። በሁለተኛው 13 ብር ከ33 ሳንቲም ይከፈላል። ውዱ የ10 ብሩ አክሲዮን ነው ማለት ነው።

ተማሪዎች ይህን ከእፍጋት ትምህርት ጋር ቢያነጻጽሩት ይቀላቸዋል። መጠነ ቁስን ለይዘት ሳናካፍል ብረት ይከብዳል ወይስ ጥጥ ብሎ መከራከር ትርጉም እንደሌለው ሁሉ፣ ዋጋን ለትርፍ፣ ለንብረትና ለጥሬ ገንዘብ ሳናካፍል ርካሽና ውድ ማለት አይቻልም።

በቅርቡ የታየ እውነተኛ ምሳሌ አለ። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ ማለትም የድርጅቱን 10 በመቶ፣ አንዱን በ300 ብር ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ሦስት መቶ ብር ለጆሮ ትንሽ ነው። ነገር ግን አንድ ቢሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ሲባዛ 300 ቢሊዮን ብር ይሆናል። ገዢው በዚህ ዋጋ ሲስማማ መላው ድርጅት 300 ቢሊዮን ብር ያወጣል በሚለው ግምት ተስማማ ማለት ነው። ሽያጩ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮኖችን ገዝተዋል፤ የተሰበሰበውም 3.2 ቢሊዮን ብር ነው። ከገዢዎቹ ስንቶቹ ማባዛቱን እንደ ሠሩት ማወቅ ደስ ባለን ነበር።

ቆመው የሚታዩት

በሀገራችን የአክሲዮን ግብይት እንግዳ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት በአዲስ አበባ የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ተቋቁሞ ይሠራ ነበር። አብዮቱ ፈንድቶ ታላላቅ ድርጅቶች በ1967 ዓ.ም. ሲወረሱ የሚገበያይበት ነገር ስላልቀረ አብሮ ቆመ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሀገሪቱ የአክሲዮን ገበያ አልነበራትም። አክሲዮን ግን ነበራት። አዋጅ ቁጥር 84/1986 ለኢትዮጵያውያን የግል ባንክ የማቋቋም መብት በሰጠ ማግስት አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ተመሠረተ። ሥራውን የጀመረው በ1987 ዓ.ም. ነው። ዳሸን ባንክ በ11 መሥራቾችና በ14.9 ሚሊዮን ብር ተከተለው። ሁለቱም ዛሬ ካላቸው ስፋት አንጻር ሲታዩ የተነሡት ከትንሽ ድርጅትነት ነው።

እዚህ ላይ «ያን ጊዜ ገዝተን ቢሆን ኖሮ!» የሚለው ቁጭት ይመጣል። ቁጭቱ የሚገባ ነው፤ የሚወጣበት መደምደሚያ ግን ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። በትንሽ ጀምረው ያደጉትን ብቻ እያየን «ትንሽ ያድጋል» የሚል ሕግ እናወጣለን። በትንሽ ጀምረው የጠፉት የት አሉ? ቢሮ የላቸውም፣ ማስታወቂያ አያስነግሩም፣ ስማቸውን የሚያነሣ የለም።

ይህን ከሀዲያና ከከምባታ ልጆች የበለጠ የሚረዳ ሰው አይኖርም። ወደ ሆሳዕና የሚገባ እንግዳ በስደተኛ ገንዘብ የተሠሩትን ፎቆች ያያል። «ደቡብ አፍሪካ የሄደ ቤት ይሠራል» ብሎም ይደመድማል። በመንገድ የቀረው ግን ፎቅ የለውም። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ አቅራቢያ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኝቶ ነበር፤ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ የዛምቢያ ፖሊስ ግምቱን ገለጸ። ፎቆቹን ብቻ የሚቆጥር ሰው እነዚህን አይቆጥርም። ስታቲስቲክስ ይህን «የተራፊዎች አድልዎ» ይለዋል፤ ናሙናው የተወሰደው ከተረፉት ብቻ ስለ ሆነ ውጤቱ ከእውነቱ ያማረ ሆኖ ይታያል።

በአክሲዮን ጥናት ውስጥ የዚህ አድልዎ ታሪክ አስተማሪ ነው። ሮልፍ ባንዝ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 የኒው ዮርክን የአክሲዮን ገበያ መዛግብት መርምሮ ትንንሽ ድርጅቶች ከትልልቆቹ የበለጠ ጥቅም እንዳስገኙ አሳየ። ዓለም ተደሰተ፤ በዚህ ግኝት ላይ የተመሠረቱ የኢንቨስትመንት ፈንዶችም ተቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ታይለር ሸምዌይና ቪንሰንት ዋርተር ናስዳክ የተባለውን ሌላ የአሜሪካ ገበያ መዝገብ ሲመረምሩ አንድ ጉድለት አገኙ። ከገበያው የተሰረዙ ድርጅቶች የመጨረሻ ኪሳራ በመዝገቡ ውስጥ በአብዛኛው አልነበረም። የጎደለው ሲሞላ በዚያ ገበያ የትንንሾቹ ብልጫ ጠፋ። ከነሱ በኋላ ሄንድሪክ ቤሰምባይንደር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ጥናት ከ1926 ጀምሮ በአሜሪካ ገበያ የታዩ ከ25,000 በላይ ኩባንያዎችን አጠና። ገበያው በጠቅላላ የፈጠረው የተጣራ ሀብት በሙሉ በ4 በመቶዎቹ ኩባንያዎች የሚብራራ ሆኖ ተገኘ። ከግማሽ የሚበልጡት አክሲዮኖች በሙሉ ዕድሜያቸው ያስገኙት ጥቅም መንግሥት ከሚሸጠው የአንድ ወር የግምጃ ቤት ሰነድ ያነሰ ነበር። ትንሽ ድርጅት የሚመርጥ ሰው ከመቶ ውስጥ አራቱን ፈላጊ መሆኑን ማወቅ አለበት።

አማካዩና ቤተሰቡ

እ.ኤ.አ. በ1827 ሮበርት ብራውን የተባለ የእጽዋት ተመራማሪ ከአበባ ብናኝ የወጡ ደቃቅ ቅንጣቶች ውኃ ላይ ያለ ዕረፍት ሲንቀጠቀጡ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። የዚህን እንቅስቃሴ ሒሳብ አይንስታይን በ1905 እንዳቀረበው በትምህርታችን እንናገራለን። ነገር ግን ሉዊ ባሽሊየ የተባለ ፈረንሳዊ ከአይንስታይን 5 ዓመት ቀድሞ፣ በ1900፣ ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ ይህንኑ ሒሳብ በፓሪስ ገበያ ለሚሸጡ ሰነዶች ዋጋ ተጠቅሞበታል። የፊዚክስ ሰዎች ይህን ስንናገር ትንሽ ቅር ይለናል። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ ሀገር በቆየንባቸው ዓመታት ከቤተ ሙከራ ወደ ባንክ ቤት የተሻገሩ ባልደረቦችን ማየት ብርቅ ያልነበረውም ሒሳቡ አንድ ስለ ሆነ ነው። ሒሳብ ማወቅ ከኪሳራ እንደማያድን ግን ከኒውተን በላይ ምስክር አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ1720 የሳውዝ ሲ ኩባንያን አክሲዮን መጀመሪያ በትርፍ ሸጦ ወጣ፤ ዋጋው ሲያሻቅብ ተመልሶ ገባና ብዙ ገንዘብ ከሰረ።

አሁን የባሽሊየን ሐሳብ እጅግ አቅልለን በሳንቲም እንሞክረው። አንድ ትንሽ ድርጅት አለ። ደግ ዓመት ሲገጥመው የአክሲዮኑ ዋጋ 80 በመቶ ይጨምራል፤ ክፉ ዓመት ሲገጥመው 50 በመቶ ይቀንሳል። ደጉና ክፉው እኩል ዕድል አላቸው። አማካዩ ሲሰላ በዓመት 15 በመቶ ትርፍ ይሆናል። መልካም ይመስላል። አራት የአዲሎ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 10,000 ብር ይዘው በአራት እንዲህ ባሉ ድርጅቶች ውስጥ ገንዘባቸውን ሁሉ አስገቡ እንበል። ሁለት ዓመት አለፈ። በአማካይ አንዱ ሁለት ደግ ዓመት ያገኛል፤ ገንዘቡ 18,000 ከዚያም 32,400 ብር ይሆናል። ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ደግና አንድ ክፉ ዓመት ይገጥማቸዋል፤ እያንዳንዳቸው 9,000 ብር ይቀራቸዋል። አራተኛው ሁለት ክፉ ዓመት አይቶ 2,500 ብር ይዞ ይቀመጣል።

አራቱን ስንደምር 52,900 ብር ነው፤ ለአራት ሲካፈል 13,225 ብር። አማካዩ በእርግጥ አድጓል። ከአራቱ ሦስቱ ግን ከጀመሩበት በታች ናቸው! በገበያ ቀን ወሬው የሚነሣው ስለ ባለ 32,400ው ቤተሰብ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ ዝም ይላሉ። ጨዋታው ለ20 ዓመት ቢቀጥል ልዩነቱ ይብሳል። በሒሳብ የሚጠበቀው አማካይ 163,665 ብር ገደማ ይደርሳል። ዐሥር ደግና ዐሥር ክፉ ዓመት የገጠመው ተራ ቤተሰብ ግን 3,487 ብር ብቻ ይቀረዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአክሲዮን ትርፍና ኪሳራ በማባዛት እንጂ በመደመር አይሄድም፤ ግማሹን ያጣ ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ 80 ሳይሆን 100 በመቶ ማግኘት አለበት።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውጤት በየዓመቱ ለተማሪዎች ስናሳየው የማንሰለቸው ነው። ያው ድርጅት፣ ያው ሳንቲም ይሁን። አንድ አምስተኛ ቤተሰብ ግን ከ10,000 ብሩ ሩቡን፣ 2,500 ብር፣ ብቻ በአክሲዮን ያስገባል፤ የቀረውን በእጁ ያቆያል፤ በየዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን አይቶ የአክሲዮኑን ድርሻ ወደ ሩብ ይመልሳል። በደግ ዓመት 2,500ው 4,500 ስለሚሆን ጠቅላላው 12,000 ይሆናል። አሁን ሩቡ 3,000 ነው፤ ክፉ ዓመት ሲመጣ 1,500 ይጠፋና 10,500 ይቀራል። አንድ ደግና አንድ ክፉ ዓመት አይቶ፣ ሌሎቹን ወደ 9,000 ያወረደው ዕድል ገጥሞት፣ ይህ ቤተሰብ አተረፈ። በ20 ዓመት፣ በዐሥር ደግና በዐሥር ክፉ፣ 16,289 ብር ይደርሳል። ጆን ኬሊ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1956 ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ የተሻለውን መጠን የሚያሰላ ቀመር አውጥቷል። በእኛ ምሳሌ መልሱ 37.5 በመቶ ነው። ከ75 በመቶ በላይ ያስገባ ተራ ቤተሰብ ድርጅቱ በአማካይ እያተረፈ እሱ ይደኸያል።

እንግዲህ «የትኛው አክሲዮን ይሻላል?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ካለኝ ውስጥ ስንት እጅ?» የሚለው ጥያቄ መቆም አለበት፤ እንዲያውም እኛ ሁለተኛውን እናስቀድማለን። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ገንዘብ በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ሲውል መልካም ድርጅት መመረጡ እንኳ ቤተሰቡን ላያድነው ይችላል።

ሰበቃ

አምስተኛው ቤተሰብ የተጠቀመበት አንድ ነገር ግን በዝምታ ያለፍነው አለ፤ በየዓመቱ ድርሻውን ሲያስተካክል ሸጧል። ሻጭ ገዢ ያስፈልገዋል። ገበያ ባልነበረባቸው ዓመታት አክሲዮን ለመሸጥ የፈለገ ሰው በወዳጅ በዘመድ ገዢ ይፈልግ፣ ዋጋውን በግምት ይደራደር፣ ከዚያም ዝውውሩ በድርጅቱ የባለአክሲዮኖች መዝገብ እንዲሰፍር ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄድ ነበር። ለአዲሎ ነዋሪ ይህ ብዙውን ጊዜ የአዲስ አበባ መንገድ ማለት ነው። በፊዚክስ የቆመን ዕቃ ለማስነሣት የሚያስፈልገው ኃይል እየተንሸራተተ ካለው ይበልጣል። አክሲዮኑም እንዲሁ ነው፤ ሳይንቀሳቀስ በቆየ ቁጥር ማንቀሳቀሱ ይከብዳል።

ገበያ ሲኖርም ሰበቃው አይጠፋም፤ ይለካል እንጂ። ገዢ 90 ብር እሰጣለሁ፣ ሻጭ 110 ብር ካልሆነ አልሸጥም የሚሉበት አንድ አክሲዮን አለ እንበል። በ110 ገዝቶ በዚያው ሰዓት ሐሳቡን ለውጦ ለመሸጥ የተገደደ ሰው በ90 ይሸጣል። ድርጅቱ ምንም ሳይሆን ከገንዘቡ 18 በመቶ በላይ ሄደ። በትልልቅ ድርጅቶች አክሲዮን ላይ ይህ ክፍተት ጠባብ ነው፤ ተገበያዩ ጥቂት በሆነበት በትንንሾቹ ላይ ይሰፋል። የአክሲዮኑ ዋጋ ዝቅተኛ መሆኑን ብቻ አይቶ የገባ ሰው ይህን የሚያውቀው ሊወጣ ሲል ነው።

ጥቂት ተገበያይ መኖሩ ሌላም አደጋ አለው። በትንሽ ኩሬ ውስጥ የተጣለ ድንጋይ ውኃውን በሙሉ ያናውጣል። በአሜሪካ ከ5 ዶላር በታች የሚሸጡ የትንንሽ ድርጅቶች አክሲዮኖች «ፔኒ ስቶክ» ይባላሉ። አጭበርባሪዎች እነዚህን በርካሽ ይገዙና ወሬ ይነዛሉ፤ ዋጋው ሲወጣ ለዘግይቶ ገቢው ሸጠው ይጠፋሉ። ነገሩ ስለ ከፋ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ለዚሁ ሲባል ሕግ አወጣ።

የእኛ ሀገር ጅምር ገና ትኩስ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ተቆጣጣሪውን ባለሥልጣን አቋቋመ፤ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ጀመረ። በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ገበያው ከዋናው ክፍል ሌላ ለአነስተኛና ለመካከለኛ ድርጅቶች የተዘጋጀ የዕድገት ገበያ የሚባል ክፍል አለው። የዚህ ጽሑፍ አንባብያን ሥራ ይዘው ደመወዝ መቁጠር ሲጀምሩ የትንንሽ ድርጅቶችን አክሲዮን የሚያገኙት እዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ዝንጅብልና አምስት ባንኮች

«አንድ ላይ አላስቀመጥኩም፤ አምስት ቦታ ከፋፍያለሁ» የሚል ሰው ይኖራል። መከፋፈል ጥሩ ነው። እርስ በርሳቸው ግንኙነት የሌላቸው ነገሮች ቁጥር ሲጨምር የጠቅላላው መዋዠቅ በቁጥሩ ዳግም ዘር ይካፈላል። አምስት ቢሆኑ መዋዠቁ ወደ 45 በመቶ ይወርዳል። ችግሩ «ግንኙነት የሌላቸው» በሚለው ቃል ውስጥ ነው።

በከምባታ የሀደሮ ጡንጦን ገበሬዎች ታሪክ እናስታውስ። ዝንጅብል ለአካባቢው ዋነኛ የገንዘብ ሰብል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ራልስቶኒያ ሶላናሴረም የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው አጠውላጊ በሽታ ገብቶ የዝንጅብል እርሻውን አወደመው። ዝንጅብል የሚተከለው ከዘር ፍሬ ሳይሆን ከራሱ ከዝንጅብሉ ቁራጭ ስለ ሆነ በሽታው ከዘሩ ጋር ከማሳ ወደ ማሳ ይጓዛል፤ በአፈርና በውኃም ይተላለፋል። አምስት ማሳ ላይ ዝንጅብል የተከለ ገበሬ አምስት ነገር አልተከለም፤ አንዱን ነገር አምስት ጊዜ ተከለ እንጂ። ከጎኑ እንሰት የነበረው ገበሬ ግን የሚበላው አላጣም።

የአምስት ባንኮችን አክሲዮን የያዘ ሰውም እንዲሁ ነው። አንድ ተቆጣጣሪ፣ አንድ የውጭ ምንዛሪ ችግር፣ ተመሳሳይ ተበዳሪዎች አሏቸው። በመካከላቸው ያለው ዝምድና 0.6 ቢሆን አምስት ቦታ መከፋፈሉ መዋዠቁን የሚያወርደው ወደ 82 በመቶ ብቻ ነው። አምስት ሳይሆን አምስት ሺህ ቢሆኑም ከ77 በመቶ በታች አይወርድም። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ይህን ከልይይት ቀመር ተነሥተው ራሳቸው ቢያወጡት ከግማሽ ገጽ አያልፍም።

ከመግለጫው ምን ይነበብ?

አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት ደንበኛ ሳቢ መግለጫ ወይም ፕሮስፔክተስ የሚባል ሰነድ ያወጣል። ስሙ ማስታወቂያ ያስመስለዋል፤ ጥቅሙ ግን አደጋውን የሚዘረዝረው ክፍል ላይ ነው፤ ንባቡም ከዚያ ቢጀመር ይሻላል። በትንሽ ድርጅት ውስጥ ከሁሉ በፊት የምንፈልገው ጥሬ ገንዘቡን ነው። ድርጅቱ በዱቤ ሸጦ ገንዘቡን ሳይሰበስብ በወረቀት ላይ ሊያተርፍ ይችላል። ትርፉ በየዓመቱ እያደገ በእጁ ያለው ገንዘብ በየዓመቱ ከቀነሰ ምክንያቱ መጠየቅ አለበት። ኦዲተሩ ማን ነው? ቀድሞ የነበረው ለምን ተቀየረ? የቦርድ አባላቱ በራሳቸው ገንዘብ ስንት አክሲዮን ገዙ? ድርጅቱ ከራሳቸው ከኃላፊዎቹ ሕንፃ ይከራያል፣ ዕቃ ይገዛል? የድርጅቱ ግማሽ ሽያጭ ለአንድ ደንበኛ ከሆነ የዚያ ደንበኛ ጤና የድርጅቱ ጤና ነው። የአክሲዮኖቹ ቁጥርም በየጊዜው መታየት አለበት። ከ10,000 አክሲዮን 100 የነበረው ሰው የድርጅቱ 1 በመቶ ባለቤት ነበር፤ ድርጅቱ ሌላ 10,000 ጨምሮ ሲሸጥ እሱ ካልገዛ ድርሻው ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል።

በምሥረታ ላይ ያለ ድርጅት ደግሞ የሚነበብ ታሪክ ስለሌለው ጥንቃቄው ይጠናል። ብሔራዊ ባንክ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የባንክ ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ እንዲል ሲወስን አክሲዮን በመሸጥ ላይ የነበሩ አንዳንድ ባንኮች ሳይከፈቱ ቀርተዋል። ገንዘቡ ለባለቤቱ ቢመለስ እንኳ የገንዘቡ የመግዛት አቅም አብሮ አይመለስም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በሀገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። «20 በመቶ የትርፍ ድርሻ ተከፈለ» የሚል ዜና በእንዲህ ያለ ዓመት ሲሰማ መቀነሱን መሥራት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ፣ ስለ አማካዩና ስለ ቤተሰቡ የጻፍነው ያላመናችሁ ተማሪዎች ለሙከራው የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሳንቲም፣ ወረቀትና እርሳስ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ 10,000 ብር ይጻፍ፤ 20 ጊዜ ይወርውር፤ አንበሳ ሲወጣ በ1.8፣ ጀርባው ሲወጣ በ0.5 ያባዛ። ያንኑ የ20 ውርወራ ውጤት ይዞ ሁለተኛውን ስሌት በ1.2 እና በ0.875 ይሥራ። ከዚያ የክፍሉ ውጤቶች ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርደሩና በሰልፉ መካከል የቆመው ተማሪ ቁጥርና የክፍሉ አማካይ፣ ለሁለቱም ስሌት፣ ጎን ለጎን በሰሌዳው ላይ ይጻፉ። ክፍሉ 60 ተማሪ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ30 ካነሰ ግን እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ጊዜ ቢሠራው ይመረጣል።